ላቲኖ የሚለው ስም፤ ከሮም ሜዳ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ

ይሄ አሜሪካ ውስጥ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ለሚማሩ ልጆችና ለወላጆቻቸው ያደረግኩት ንግግር ነው። አንዲት እህት በስልኳ ቀድታው ስለነበር እየሰማሁ ነው የጻፍኩት፣ ብዙም አላረምኩትም፣ እንዳወራሁት ነው የተውኩት። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ። ወላጆችም ልጆችም ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። የዛሬውን ርእስ የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፣ እዚህ ከፊት የተቀመጠችው ልጅ ናት የመረጠችልኝ። ባለፈው ሳምንት ፊደል እያስተማርኩ "ይሄኛው የግእዝ ፊደል ነው፣ እንግሊዝኛ የምትጽፉበት ደግሞ የላቲን ፊደል ይባላል" ስል እጇን አወጣችና "ጋሼ፣ ላቲኖዎች ናቸው እንዴ የሰሩት? እነሱ ላቲን ነው የሚናገሩት?" አለችኝ። ላቲኖ የምትላቸው እዚህ አገር ያሉትን፣ ከላቲን አሜሪካ የመጡትን ሰዎች ነው። ሌሎቹ ልጆች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ እና አገር ቤት ስንት ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ሆኜ እዛው ቆሜ በአንድ አፍ ልመልስላት አልቻልኩም። ቤት ሄጄ ሳምንቱን ሙሉ ሳነብ ከረምኩ።

አጭሩን መልስ መጀመሪያ ልስጥሽ ልጄ። አይናገሩም። ላቲንን ከእናቱ አፍ የለመደ ሰው ዛሬ በዓለም ላይ የለም፣ ቫቲካን ይጻፍበታል፣ ይጸለይበታል፣ ሳይንቲስቶች ለዕፅዋቱና ለአራዊቱ ስም ያወጡበታል፣ በቃ እንደኛ ግእዝ በሉት። ግን ነገሩ እዛ ላይ አያልቅም፣ ምክንያቱም ስሙ በስህተት የተለጠፈ አይደለም፣ ከላቲን ጋር የእውነት ዝምድና አለው፣ ዝምድናው ግን እኛ እንደምናስበው የደም አይደለም፣ የቋንቋም ብቻ አይደለም። ሳነብ የገባኝ ነገር ላቲን የሚለው ስም የአንድ ሕዝብ የዘር ስም ሆኖ የቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ከዛ በኋላ ከ2,000 ዓመት በላይ ሲዞር የኖረው ባለሥልጣን ሰውን ለመመደብ የሚሰጠው ስም ሆኖ ነው፣ ወይም ደግሞ ሰው ራሱ "እኔ የነዛ ወገን አይደለሁም" ለማለት የሚያነሳው ስም ሆኖ።

እስቲ ወደራሳችን ልምጣ መጀመሪያ። እዚህ አካባቢ አብሮን የሚኖረው፣ አብሮን የሚሰራው ማነው? ዋሽንግተን ውስጥ አዳምስ ሞርጋን ብትሄዱ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ብትሄዱ፣ እዚሁ ዞር ዞር ብትሉ፣ የሀበሻ ምግብ ቤት ካለበት ብዙም ሳይርቅ ፑፑሳ የሚጋገርበት የሳልቫዶር ቤት አለ። ኪችኑ ላይ፣ ፓርኪንጉ ላይ፣ ጽዳቱ ላይ ጎን ለጎን ነን። ስማቸውን ስንጠራ ግን "ስፓኒሾቹ" እንላለን፣ ሰውየው ከሆንዱራስ ሆኖ እያለ "ሜክሲካኑ" እንላለን፣ ሲቀለን ደግሞ "አሚጎ" ብለን እናልፋለን። እኔም ስል ነው የኖርኩት። ስፓኒሽ ማለት እኮ የስፔን ሰው ማለት ነው፣ ስፔን ደግሞ አገራቸውን 300 ዓመት የገዛች አገር ናት። ኢትዮጵያዊን "ጣሊያኑ" ብሎ እንደመጥራት ነው፣ ያውም እኛ 5 ዓመት ነው የተያዝነው።

በሉ አሁን ወደ ምንጩ እንሂድ። የጣሊያን ኳስ የምታዩ ላዚዮ የሚባለውን ክለብ ታውቃላችሁ አይደል፣ ሰማያዊ ማልያ የሚለብሰውን፣ በ1900 ሮም ላይ የተመሰረተውን። ላዚዮ ሮም ያለችበት አውራጃ ስም ነው። በጥንቱ አጠራር ላቲየም። ላቲየም ላይ የሚኖሩት ላቲኖች ተባሉ፣ አፋቸው ላቲን ተባለ፣ ምንጩ ይሄው ነው። ቲበር የሚባል ወንዝ አለ፣ ከወንዙ ወዲያ ሜዳ፣ ከሜዳው ወዲያ አልባን የሚባሉ ኮረብታዎች፣ እዛ ላይ ተበታትነው የነበሩ ትናንሽ ከተሞች ናቸው፣ ሮምም ከነሱ አንዷ ነበረች። ከዛች ብጣሽ መሬት የወጣ ስም ነው ዛሬ ከሜክሲኮ እስከ አርጀንቲና ጫፍ ያለውን ሕዝብ የሚጠራው።

የዘር ስምነቱ ቶሎ ነው ያበቃው። ሮም እየጠነከረች ስትመጣ ሌሎቹ የላቲን ከተሞች ተነሱባት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ340 እስከ 338 ተዋጉ፣ ሮም አሸነፈች፣ ማኅበራቸውን በተነችው። ከዛ በኋላ "ላቲን" ማለት የሕግ ማዕረግ ሆነ። ላቲን የተባለ ሰው ከሮማዊ ጋር በሕግ መነገድ ይችላል፣ ውል መዋዋል ይችላል፣ ግን ሙሉ ዜጋ አይደለም፣ የውጭ ሰውም አይደለም። እዚህ ያላችሁ በደንብ ይገባችኋል፣ ግሪን ካርድ በሉት። እንዲያውም ሮም ተወልዶ ያደገ ሰው መሬት ይሰጥሃል ተብሎ ወደ ላቲን ሰፈራ ከሄደ የሮማ ዜግነቱን ይተውና ላቲን ይባላል። ደሙ አልተለወጠም፣ ወረቀቱ ነው የተለወጠው።

አሁን የምነግራችሁን ታሪክ ሳነብ ሌሊት ነበር፣ ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ሊቪ የሚባለው የሮማ ታሪክ ጸሐፊ ነው ያቆየልን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ171 ከስፔን የመጡ መልእክተኞች ሮም ሴኔቱ ፊት ቀረቡ። የሮማ ጦር ስፔን ከገባ ያኔ ወደ 50 ዓመት እየሆነው ነው፣ ወታደር ባለበት የሚሆነውን ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ከአገሬው ሴቶች ልጆች ተወልደዋል። ወታደሩ ከነዛ ሴቶች ጋር በሕግ መጋባት አይችልም፣ ስለዚህ ልጆቹ የአባታቸውን ዜግነት አይወርሱም። ከ4,000 በላይ ነበሩ። የላኩት መልእክት አንድ ነው፣ የምንኖርባት ከተማ ስጡን። ሴኔቱም ካርቴያ የምትባል ከተማ ሰጣቸው፣ በስፔን ደቡብ ጫፍ ከጅብራልታር አጠገብ ያለች፣ እዛው የነበሩት ነባር ሰዎችም መቅረት ከፈለጉ አብረው እንዲመዘገቡ ተፈቀደ። የከተማዋ ማዕረግ ምን ተባለ? የላቲን ሰፈራ። ከጣሊያን ውጪ የመጀመሪያዋ ናት።

እስቲ ልብ በሉልኝ። አባትየው ከባሕር ማዶ የመጣ ወታደር፣ እናትየዋ የአገሩ ተወላጅ፣ ልጆቹ ላቲየምን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም፣ እና በወረቀት ላቲን ተባሉ። ይሄ የሆነው ኮሎምበስ በ1492 ካሪቢያን ላይ ከመድረሱ ከ1,600 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። የሜክሲኮን፣ የፔሩን ታሪክ የምታውቁ ሰዎች ይሄ ነገር አዲስ አይሆንባችሁም፣ የስፔን ወታደር መጣ፣ ከአገሬው ሴት ወለደ፣ ልጁ እንዴት ይጠራ ተባለ፣ ያው ታሪክ ነው።

ከዛም ቀጠለ። ሮም ውስጥ ባሪያ የነበረ ሰው ጌታው ሙሉውን የሕግ ሥርዓት ሳያሟላ ነጻ ካወጣው ላቲን የሚል ማዕረግ ይሰጠዋል፣ ሰውየው ከሶርያ ይምጣ ከአፍሪካ ይምጣ ለውጥ የለውም። በ73 እና 74 አካባቢ ደግሞ ንጉሥ ቬስፓዚያን የላቲንነትን መብት ለመላው ስፔን ሰጠ። በ212 ካራካላ በግዛቱ ላለው ነጻ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የሮማ ዜግነት ሲሰጥ ማዕረጉ ጥቅሙን አጣ፣ የቀረው ቋንቋው ነው።

ስለ ቋንቋው ባወራ ቀኑ ይመሻል፣ አሳጥራለሁ። ላቲን አልሞተም፣ ተበታተነ ነው የሚባለው። ውሃ በላቲን አኳ ነው፣ ስፔን ሄዶ አጓ ሆነ፣ ጣሊያን አኳ እንዳለ ቀረ፣ ሩማንያ አፓ ሆነ፣ ፈረንሳይ ሄዶ ኦ የምትል አንድ ድምፅ ብቻ ቀረችው። ሰው አይታወቀውም ነበር መለወጡ፣ የሚናገረው ላቲን ይመስለዋል፣ ቤተክርስቲያን ሲሄድ ግን የሚነበበው አይገባውም። በ813 ፈረንሳይ ቱር ከተማ ላይ የተሰበሰቡ ጳጳሳት ስብከቱ ሕዝቡ በሚናገረው በገጠሬው አፍ ይሁን ብለው ወሰኑ። ቅዳሴው በላቲን፣ ስብከቱ በሕዝቡ አፍ። ይሄ ለኛ መቼም አይነገርም፣ ነገ ጠዋት ቤተክርስቲያን ስትሄዱ ቅዳሴው በግእዝ ስብከቱ በአማርኛ ነው፣ አማርኛ የግእዝ ቀጥተኛ ልጅ ነው ባይባልም ሰውየው እዛ ቆሞ የሚሰማው ስሜት ያው ነው።

ቋንቋ ብቻውን ላቲኖ እንደማያደርግ ደግሞ በራሳችን አፍ ላሳያችሁ። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ናችሁ እንበል። ፌርማታ ደረሰ፣ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፣ ጎማው ጮኸ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰውዬ ፋብሪካ ነው የሚሰራው፣ እጁ ላይ ፉርኖ ዳቦ ይዟል። ፌርማታ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ፋብሪካ፣ ፉርኖ፣ እነዚህ አምስቱም ቃላት ከላቲን ልጆች አፍ፣ በተለይ ከጣሊያንኛ፣ ወደኛ የገቡ ናቸው። ፍሬን በላቲን ፍሬኑም ነው፣ የፈረስ ልጓም ማለት ነው። ፉርኖ ከፉርኑስ ነው፣ ምድጃ። በቀን ስንቴ ላቲን እንደምናወራ አስቡት፣ ግን ማንም ላቲኖ አይለንም። ኩቤክ የሚኖር ካናዳዊ ፈረንሳይኛ ነው የሚናገረው፣ የላቲን ልጅ ነው ፈረንሳይኛ፣ እሱንም ላቲኖ የሚለው የለም። ሄይቲም እንደዛው፣ ከፈረንሳይኛ የወጣ ክሪዮል እየተናገሩ ብዙ ሰው ከላቲኖ አይቆጥራቸውም። ስለዚህ ነገሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ወደዛ ከመሄዴ በፊት አንድ ቃል ልንገራችሁ፣ ላዲኖ። መጽሐፍ ላይ አይደለም ያገኘሁት፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። እዚህ አገር እንደመጣሁ አንድ ሆቴል ኪችን ውስጥ ነበር የምሰራው፣ ከኔ ጎን አንድ የጓቲማላ ሰው ይሰራል፣ በእድሜ ትንሽ ይበልጠኛል፣ አጭር፣ ዝምተኛ፣ ቢላ አያያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። በብሬክ ሰዓት እናቱ ጋ ይደውላል። እኔ ያኔ ትንሽ ትንሽ ስፓኒሽ መስማት ጀምሬአለሁ፣ ኪችን ውስጥ ሳትፈልግም ትለምደዋለህ፣ እሱ ስልክ ላይ የሚያወራው ግን አንድም ቃል አይገባኝም። አንድ ቀን ጠየቅኩት። "ማም ነው፣ የኔ ቋንቋ ማም ነው" አለኝ። ስፓኒሽን ትምህርት ቤት ገብቶ ነው የተማረው ለካ። ጓቲማላ ውስጥ 22 የማያ ቋንቋዎች በሕግ የታወቁ አሉ፣ ማም አንዱ ነው፣ ላቲን ጋር የሚያገናኘው ምንም ነገር የለም፣ አማርኛ ከቻይንኛ የሚርቀውን ያህል ነው የሚርቀው።

"ታዲያ ላቲኖ አይደለህም እንዴ?" አልኩት። ቢላውን አስቀመጠና "ስማ አሚጎ፣ እኛ አገር ላዲኖ የሚባሉት ሌሎቹ ናቸው፣ ከተሜዎቹ፣ ስፓኒሽ ብቻ የሚናገሩት። እኔ ላዲኖ አይደለሁም። አውሮፕላን ሳልይዝ በእግሬ እዚህ ደረስኩ፣ እዚህ ደግሞ ላቲኖ ነህ አሉኝ" አለኝ። ከዛ ሽንኩርቱን ቀጠለ። እኔ ያኔ ሙሉ በሙሉ አልገባኝም ነበር።

አሁን ነው የገባኝ። ላዲኖ እና ላቲኖ አንድ ቃል ናቸው፣ ሁለቱም ላቲኑስ ከሚለው ነው የወጡት፣ ላዲኖ በሕዝብ አፍ ታሽቶ ታሽቶ "ተ" ወደ "ደ" የተለወጠበት ነው። ስፔን ውስጥ በመካከለኛው ዘመን ላዲኖ ማለት የኛን አፍ የሚያውቅ ማለት ነበር፣ ስፓኒሽ የሚችል ሙስሊም ላዲኖ ይባላል። ከስፔን በ1492 የተባረሩት አይሁዶች ይዘውት የሄዱት ስፓኒሽም ዛሬ ድረስ ላዲኖ ይባላል። ወደ አሜሪካ ሲሻገሩ ስፓኒሽ የለመደውን የአገሩን ተወላጅ ላዲኖ አሉት፣ በባርነት የተጫነውን አፍሪካዊ ደግሞ ከሁለት ከፈሉት፣ ስፓኒሽ የለመደው ላዲኖ፣ ገና ከመርከብ የወረደው ቦሳል። ጓቲማላ ላይ ሲደርስ ተወላጅ ያልሆነው ሰው መጠሪያ ሆነ። እንግዲህ የኔ ጓደኛ አገሩ ላይ ይሄ ቃል በር ዘግቶበታል፣ እዚህ ሲመጣ ያው ቃል በሌላ አነጋገር ስሙ ሆኖ ጠበቀው። ለዚህ ነው እኔ ይሄን ስም እንደቀላል ማየት ያቃተኝ።

በሩቁ ዘመን ሌላውም ወገን ይሄን ስም ሲጠቀምበት እናያለን። የቁስጥንጥንያ ግሪኮች ከምዕራብ የመጣውን ሁሉ ላቲን ነበር የሚሉት፣ በ1204 የመስቀል ጦረኞቹ ከተማቸውን ዘርፈው የመሰረቱት መንግሥት እስካሁን የላቲን መንግሥት ነው የሚባለው። ዓረቦቹ ደግሞ እነዛኑ ሰዎች ፍራንክ ከሚለው የአንድ ነገድ ስም ተነስተው ጠሯቸው፣ ያ ነው ዞሮ ዞሮ እኛ ጋ ፈረንጅ ሆኖ የደረሰው። ኖርዌጂያኑም ግሪኩም ለኛ ፈረንጅ ነው። የአንድ መንደር ስም ዓለም ሲሆን ምን እንደሚመስል እኛም እናውቀዋለን ለማለት ነው።

አሁን ዋናው ቦታ ደረስን፣ ላቲን አሜሪካ የሚለው ስም የተወለደበት። እነ ቦሊቫር አገራቸውን ከስፔን ሲያስለቅቁ ይሄን ስም አያውቁትም፣ አሜሪካ ነው የሚሉት፣ አሜሪካኖች ነን ይላሉ። በ1830ዎቹ ሚሼል ሼቫሊዬ የሚባል ፈረንሳዊ ዩናይትድ ስቴትስን ዞሮ ጎበኘና በ1836 ባሳተመው ጽሑፍ አውሮፓ የላቲንና የጀርመን ዘር የሚባሉ ሁለት ወገኖች አሏት፣ አሜሪካም እንደዛው ተከፍላለች፣ ደቡቡ ላቲንና ካቶሊክ፣ ሰሜኑ አንግሎ ሳክሰንና ፕሮቴስታንት ነው አለ። ሐሳቡ ውስጥ ፈረንሳይ የላቲኖቹ ታላቅ እህት ናት። የሐሳብ ዘሩ እሱ ነው፣ ያበቀለው ግን ፍርሃት ነው።

ፍርሃቱ ምንድነው? በ1846 ዩናይትድ ስቴትስና ሜክሲኮ ተዋጉ፣ በ1848 ሜክሲኮ የግዛቷን ግማሽ ያህል አጣች። ካሊፎርኒያ፣ ኔቫዳ፣ ዩታ፣ አብዛኛው አሪዞና ያኔ ነው የሄደው። ቁስሉ ሳይደርቅ በ1855 ዊሊያም ዎከር የሚባል አሜሪካዊ፣ የቴኔሲ ሰው፣ ወደ 60 የሚሆኑ ታጣቂዎች ይዞ ኒካራጓ ገባ፣ እዛ የእርስ በርስ ጦርነት ነበር፣ አንዱ ወገን ነው የጠራው። ዓመት ሳይሞላው አገሪቱን ያዘ፣ በ1856 ራሱን ፕሬዝዳንት አደረገ፣ ኒካራጓ የሻረችውን ባርነት መለሰው። በዛው ዓመት ሜይ ላይ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ፍራንክሊን ፒርስ፣ ዎከር ከኋላ ሆኖ ለሚዘውረው መንግሥት እውቅና ሰጠ። እስቲ የኮስታሪካ ሰው ወይም የቺሌ ሰው ሆናችሁ ይሄን ወሬ ስሙት። ነገ የኛ ተራ ነው አትሉም?

በዛው ዓመት ጁን ላይ ፓሪስ ውስጥ ፍራንሲስኮ ቢልባኦ የሚባል የቺሌ ሰው ለስደተኛ ወገኖቹ ንግግር አደረገ፣ እንደኛ ዛሬ እንደተሰበሰብነው በሉት፣ ከአገራቸው ርቀው። እዛ ላይ ነው ላቲን አሜሪካ የሚለውን ስም ሰሜኑን ለመመከት ያነሳው። በዛው ዓመት ሴፕቴምበር ደግሞ ሆሴ ማሪያ ቶሬስ ካይሴዶ የተባለ ኮሎምቢያዊ ሁለቱ አሜሪካዎች ፊት ለፊት የቆሙበትን ግጥም ጻፈ፣ ላቲኑ በአንድ በኩል ሳክሰኑ በሌላ በኩል። ስሙ ከሁለቱ ስደተኞች ብዕር ወጥቶ ተሰራጨ። ዎከርን በ1860 ሆንዱራስ ውስጥ ተይዞ በጥይት ገደሉት፣ ስሙ ግን ቀረ።

ብዙ ጊዜ የሚባለው ላቲን አሜሪካ የሚለውን ስም የፈረንሳዩ ንጉሥ ናፖሊዮን 3ኛ ነው የፈጠረው ነው። ፈጣሪው እሱ አይደለም፣ ግን ተጠቅሞበታል። በ1862 ጦሩን ሜክሲኮ አስገባ፣ የላቲን ወንድማማችነት እያሉ፣ ማክሲሚሊያን የሚባል የኦስትሪያ ልዑል ንጉሥ አድርጎ አስቀመጠ፣ ሜክሲኮዎች በ1867 ጁን 19 ረሸኑት። ቢልባኦ ራሱ በ1862 የፈረንሳይን ወረራ አጥብቆ ተቃውሞ ጽፏል። አያችሁት አንዱ ስም፣ አንዱ ከወራሪ መከላከያ ያደርገዋል፣ ሌላው መውረሪያ ያደርገዋል፣ ያውም በስድስት ዓመት ልዩነት።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ያኔ "እኛ ላቲን ነን" ያሉት ሰዎች የተማሩ፣ ፓሪስ የኖሩ፣ ወደ አውሮፓ የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ፔሩ ውስጥ ኬችዋ የሚናገረው ገበሬ፣ ፓራጓይ ውስጥ ጓራኒ የሚናገረው፣ ብራዚል ውስጥ ሸንኮራ እርሻ ላይ በሰንሰለት የነበረው አፍሪካዊ አልተጠየቀም። ሄይቲ እኮ ናት በ1804 ጥቁሮች ፈረንሳይን አሸንፈው በዛ ምድር ከዩናይትድ ስቴትስ ቀጥላ ነጻ የወጣችው፣ ስሙ ሲወጣ እሷን ማንም አላማከራትም። ስሙ ወንድሞችን አሰባስቧል፣ ያንን አልክድም፣ ግን ስሙ የሚያመለክተው ወደ ሮም ነው፣ ወደ ፔሩዋ ኩስኮም ወደ አፍሪካዋ አንጎላም አይደለም።

ወደ እዚህ አገር ስንመጣ ላቲኖ የሚለው ላቲኖአሜሪካኖ የሚለው ሲያጥር ነው፣ እንግሊዝኛ ውስጥ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ይገኛል። መንግሥት ግን ቶሎ አልተጠቀመበትም። በ1930 የሕዝብ ቆጠራ "ሜክሲካን" ብለው እንደ ዘር ጻፉ፣ ተቃውሞ ሲመጣ በ1940 ተዉት። በ1970 ለተወሰኑ ቤቶች በሚላክ ፎርም ላይ "የመካከለኛው ወይም የደቡብ አሜሪካ" የሚል ምርጫ ቢያስቀምጡ አላባማ ምናምን ያሉ ሰዎች "እኛ የደቡብ አሜሪካ ሰዎች ነን" ብለው ምልክት አደረጉበት፣ የዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ መስሏቸው። በ1977 ሂስፓኒክ የሚለው በመንግሥት መመሪያ ገባ፣ በ1980 ቆጠራ ሁሉም ሰው ተጠየቀ። ሂስፓኒክ ደግሞ ከሂስፓኒያ፣ ማለትም ከስፔን ነው፣ ብዙዎች የገዢያችን ስም አይለጠፍብንም አሉ፣ በ1997 ላቲኖ ተጨመረበት፣ በ2000 ቆጠራ ፎርም ላይ ወጣ። በ2020 62.1 ሚሊዮን ሰው ሆኖ ተቆጠረ።

ብራዚሎቹስ? ፖርቹጋልኛ የላቲን ልጅ ነው፣ አገሩም ላቲን አሜሪካ ውስጥ ነው፣ በመንግሥቱ አሠራር ግን አይቆጠሩም፣ ትርጉሙ የስፔን ባህል ላይ የቆመ ስለሆነ ሰውየው ላቲኖ ነኝ ብሎ ቢሞላ እንኳ የቆጠራ ቢሮው ያስተካክለዋል። በ2020 በተደረገ የናሙና ጥናት በስህተት ሳይስተካከል ቀረና 416,000 የሚሆኑ ብራዚላውያን ላቲኖ ሆነው ወጡ፣ ዓመት ቀደም ብሎ 14,000 ብቻ ነበሩ። ሰዎቹ አልተለወጡም። ካርቴያን አስታወሳችሁ?

ልጆች ስለ ላቲንኤክስ ትጠይቁኛላችሁ፣ ትምህርት ቤት ሰምታችኋል። ስፓኒሽ እንደኛ ወንድና ሴት ይለያል፣ ላቲኖ ለወንድ ላቲና ለሴት ነው፣ ሁለቱንም የሚይዝ ፈልገው ነው ያመጡት፣ በ2023 በተደረገ ጥናት ራሳቸውን በዛ የሚጠሩት 4 በመቶ ብቻ ናቸው። ጥንት ላቲን ራሱ ግን ሦስተኛ ጾታ ነበረው፣ ላቲኑስ፣ ላቲና፣ ላቲኑም ይል ነበር፣ ስፓኒሽ ሦስተኛውን መንገድ ላይ ጣለው።

ስለ ጓደኛዬ ልጨርስላችሁ። በ2020 ኮቪድ መጥቶ ሆቴሉ ተዘግቶ ሁላችንም ቤት ቀርተን ነበር። ደወለልኝ፣ የቆጠራ ፎርም በፖስታ መጥቶልኛል፣ መሙላት ፈራሁ አለኝ። አንድ ፓርኪንግ ተገናኘን፣ ማስክ አድርገን፣ ፎርሙን የመኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋነው። መጀመሪያ ላቲኖ ነህ ወይ ይላል፣ ሌላ የሚለው ላይ ምልክት አደረገና ጓቲማላ ብሎ ጻፈ፣ ብዙ አላሰበበትም። ቀጥሎ ዘርህ ምንድነው ይላል። እዛ ላይ እስክሪብቶውን ያዘና ቆመ። ነጭ፣ ጥቁር፣ የአሜሪካ ተወላጅ፣ እያለ ወረደ። ጥቁር ከሚለው ስር ለምሳሌ ብሎ የዘረዘረው ውስጥ ኢትዮጵያዊ የሚል አለ፣ ጣቱን አስቀምጦበት "ይሄ አንተ ነህ፣ እናንተን አትመዋችኋል" አለኝ። ታች ወረድ በል አልኩት። የአሜሪካ ተወላጅ ከሚለው ስር ለምሳሌ ብለው ናቫሆ፣ ማያ፣ አዝቴክ ብለው ጽፈዋል። ማያ የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አነበባት። ከዛ ሳጥኑ ውስጥ ምልክት አደረገና ከስሩ ባለው ባዶ መስመር ላይ፣ እየተጫነ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለያየ፣ ማም ብሎ ጻፈ።